ጓንቲው ሳይሰቀል የሚጻፍ ግለ ታሪክ

ግለ ታሪኩን ሊያሳትም የሚነሣ ሻምፒዮን ቦክሰኛ ከዘመድም ከክለብም መጀመሪያ የሚሰማው «ምን አስቸኮለህ? ቀድመህ ጨርስና» የሚል ነው። ምክሩ ከቅን ልብ ቢመጣም አይረባም። የቦክሰኛ ታሪክ ያለው በራሱ ጭንቅላት፣ በአሰልጣኙና በጓደኞቹ አፍ፣ ከዚያም በወረቀትና በቪዲዮ ነው። ጓንቲው እስኪሰቀል ሲጠበቅ ሁሉም ይሳሳል። ክለብ ይፈርሳል፤ የውድድር መዝገብ ቢሮ ሲቀየር ከነሣጥኑ ይጠፋል፤ ቪዲዮው ያለበት ስልክ ይሰበራል፤ አሰልጣኙም ያረጃል። ጭንቅላቱ ደግሞ ለዓመታት ቡጢ የተቀበለ ጭንቅላት ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ሃሪሰን ማርትላንድ በ1928 እ.ኤ.አ. ስለ ቦክሰኞች የአንጎል ጉዳት ከጻፈ ወዲህ፣ የተደጋገመ ምት ውሎ አድሮ ትውስታን ሊጎዳ እንደሚችል በሕክምናው ዓለም የታወቀ ነገር ነው።

ለሰሜን ሸዋ አንባቢ ምሳሌው ደጁ ላይ ነው። የጃቶው ልጅ አበበ ቢቂላ ያረፈው በ41 ዓመቱ ነው፤ ታሪኩን በመጽሐፍ ያስቀመጠችለት ልጁ ናት። ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠበትን ምክንያት አንዱ ጫማው ስላልተመቸው ነው ይላል፤ ሌላው ልምምዱም እንዲያ ስለነበር ነው ይላል፤ ሦስተኛው ለአገሩ ክብር አስቦ ነው ይላል። ባለቤቱ ራሱ ቁጭ ብሎ ያስጻፈው ምዕራፍ ቢኖር ክርክሩ ባጠረ ነበር።

ሥራው በሠንጠረዥ ይጀመር። ቦክሰኛው ከመጀመሪያው የቀበሌ ውድድር አንሥቶ የገጠመው ግጥሚያ ሁሉ አንድ አንድ መስመር ይያዝለት፦ ቀን፣ ከተማና አዳራሽ፣ የተጋጣሚው ሙሉ ስም፣ ኪሎ፣ የዙሩ ብዛት፣ ውጤቱና የተገኘበት መንገድ (በነጥብ፣ በዝረራ ወይስ ዳኛው አስቁሞት)፣ በማዕዘኑ የቆሙት (በዙር መካከል የሚረዱት) ሰዎች፣ በመጨረሻም ማስረጃው። ማስረጃ ሲባል ዲፕሎማ፣ ባጅ፣ የሜዳሊያው ጀርባ፣ የፌዴሬሽን ደብዳቤ፣ የጋዜጣ ቁራጭ ነው። የፓስፖርት ማኅተም ደግሞ ብዙ ሰው የሚረሳው ምርጥ ማስረጃ ነው፤ «ውድድሩ በጋ ላይ ነበር» የሚለውን ክርክር በአንድ ገጽ ይዘጋዋል። በማስረጃ የተረጋገጠው መስመር አረንጓዴ፣ በትውስታ ብቻ ያለው ቀይ ይቀባ። ቀዩ ሳይቀንስ ወደ ትረካ መግባት ኋላ ሙሉ ምዕራፍ ያስፈርሳል።

ቀን ላይ የሚፈጠረው ስሕተት ብዛቱ አይጣል ነው። በዚያው በሮም ኦሊምፒክ ካሲየስ ክሌይ፣ በኋላ መሐመድ አሊ የተባለው፣ በቦክስ ወርቅ ያገኘው ሴፕቴምበር 5 ቀን 1960 ሲሆን በእኛ ነሐሴ 30 ቀን 1952 ነው። አበበ ማራቶኑን ያሸነፈው ሴፕቴምበር 10፣ ማለትም ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነው። «ከሴፕቴምበር ጀምሮ 7 ይቀነሳል» ብሎ በደፈናው የሚያሰላ ሰው ሁለቱንም ወደ 1953 ይወስዳቸዋል። መጽሐፉ በአንድ አቆጣጠር ይሂድ፤ የውጭ ውድድር ሲጠቀስ ብቻ እ.ኤ.አ. ይጨመርበት። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ በውጭ ፕሮግራም ላይ 8 ተብሎ የታተመው የማታ ግጥሚያ በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው።

ስም ሌላው ወጥመድ ነው። የውጭ የውጤት መዝገብ ብዙ ጊዜ የአያትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚወስድ፣ ልጁ በራሱና በአባቱ ስም ሲፈለግ አይገኝም። በሦስቱም ስም፣ በላቲን ፊደል ሊጻፍ በሚችልበት መንገድ ሁሉ መፈለግ ይገባል። የፓስፖርቱ አጻጻፍ መነሻ ይሁን።

ውጤትን ለማጣራት የዘመኑን ደንብ ማወቅ ያስፈልጋል። በኦሊምፒክ ቦክስ ከባርሴሎና 1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዳኞች በኮምፒዩተር ቁልፍ ያረፈውን ቡጢ ይቆጥሩ ነበር፤ ስለዚህ 15 ለ 9 የሚባል ውጤት ትክክል ሊሆን ይችላል። ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን እያንዳንዱ ዙር ከ10 ነጥብ ስለሚሰጥበት በሦስት ዙር የሚጠበቀው 30 ለ 27 ወይም 29 ለ 28 ዓይነት ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ውድድር «14 ለ 8 አሸነፍኩ» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለ፣ ወይ ዓመቱ ወይ ውጤቱ ተሳስቷል። ወንዶች የራስ መከላከያውን ያወለቁትም በዚያው በ2013 ስለሆነ፣ ቀን ያልተጻፈበትን ፎቶ ዘመን ለመገመት ይረዳል። በሲድኒ 2000 የነበረው 4 ዙር፣ እያንዳንዱም 2 ደቂቃ ሲሆን ዛሬ 3 ዙር በ3 ደቂቃ ነው። ክብደትም «ቀላል»፣ «መካከለኛ» ተብሎ ብቻ አይታለፍ፤ በቶኪዮ ኦሊምፒክ 69 ኪሎ የነበረው የወንዶች ምድብ በፓሪስ 71 ሆኗል፤ ኪሎው በቁጥር ይጻፍ።

ሠንጠረዡ ሲያልቅ ወደ ቀረጻው ይገባል። አንዱ የቀረጻ ጊዜ ከአንድ ሰዓት ተኩል አይብለጥ፤ በተለይ ልምምድ ላይ ያለ ሰው ከዚያ በኋላ መልሱ ሁሉ «አዎ፣ ጥሩ ነበር» ይሆናል። ከ15 እስከ 20 ሰዓት የተቀዳ ንግግር ለ200 ገጽ መጽሐፍ ይበቃል። አንዱን ሰዓት ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃልና ይህ በበጀትም በጊዜም ይታሰብ። ደብረ ብርሃን ላይ ሐምሌና ነሐሴ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ መቅዳት ከንቱ ድካም ነው፤ ዝናቡ ድምፁን ይውጠዋል። በሁለት ስልክ ይቀዳ፤ መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ሁለቱም አስቀድመው ይሞሉ፤ ፋይሉ በዚያው ማታ ወደ ሌላ ቦታ ይገልበጥ።

«ምን ተሰማህ?» ብሎ መጠየቅ ትርፉ ትንሽ ነው። እጅ፣ እግርና ዕቃ የሚያስታውሱት ነገር ይጠየቅ፦ ፋሻውን ማን ጠቀለለልህ? ከአውራ ጣት ነው ከአንጓ የጀመረው? ጓንቲው 10 አውንስ ነበር 12? ከሚዛን በኋላ መጀመሪያ የጎረስከው ምንድን ነው? በሁዳዴ ኪሎህን እንዴት ያዝክ? በሶ የሚመታበት ኩባያ፣ ውርጩ ያደረቀው ፎጣ፣ የጓንቲው የላብ ሽታ ከተነሡ ስሜቱ ተከትሎ ይመጣል። ግጥሚያው ቪዲዮ ካለው መጀመሪያ ሳያይ ይተርክ፣ ከዚያ አይቶ ይድገመው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ራሱ ጥሩ ጽሑፍ ነው። የተዘረረበትን ዙር ግን ከእሱ አፍ ብቻ መውሰድ አይገባም። ጭንቅላት ላይ ያረፈ ከባድ ምት ከምቱ በፊትና በኋላ ያለውን ደቂቃ ሊያጠፋው ይችላል፤ ሰውየው የሚተርከው በኋላ የነገሩትን ነው። ያን ዙር በማዕዘኑ የቆመው ሰው ይናገር፤ መጽሐፉም «ይህን የነገሩኝ ናቸው» ይበል። አሰልጣኙ ጋ ሲኬድም ቦክሰኛው አብሮ ባይቀመጥ ይሻላል፤ ጋሼ ልጁ ፊት የልጁን ድካም አይናገሩም።

ያልተጣራ ትረካ ምን እንደሚያመጣ የአሊ መጽሐፍ ያሳያል። በ1975 እ.ኤ.አ.፣ ገና ሻምፒዮን ሳለ በወጣው ግለ ታሪኩ ላይ የሮም ወርቁን በዘር መድልዎ ተቆጥቶ ኦሃዮ ወንዝ ውስጥ እንደ ጣለው ተጽፏል። በኋላ ቅርብ የነበሩ ሰዎች ሜዳሊያው በቀላሉ ጠፍቶ ነው ሲሉ ተናገሩ፤ ክርክሩ ዛሬም አለ። በአትላንታ 1996 ምትክ ተሰጥቶታል። ያን ያህል ታላቅ ሰው እንኳ ቢሆን፣ በእንዲህ ያለች አንዲት ገጽ ምክንያት ቀሪው ገጽ ሁሉ ሊጠረጠርበት ይችላል።

ያው መጽሐፍ ሌላም ያስተምራል። ከታተመ በኋላ አሊ በ1978 ቀበቶውን በሊዮን ስፒንክስ ተነጥቆ በዚያው ዓመት አስመለሰ፤ የመጨረሻ ግጥሚያው 1981 ነው። ሌላው አሜሪካዊ ቦክሰኛ ጆ ሉዊስም በ1947 ሻምፒዮን ሆኖ ግለ ታሪኩን ሲያሳትም ከሪንግ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመሰናበት ሁለት ዓመት ይቀረው ነበር። ስለዚህ የመጨረሻው ምዕራፍ ማረፊያ በጥንቃቄ ይመረጥ። «አሁንም ማንም አይነካኝም» ብሎ የሚዘጋ መጽሐፍ በቀጣዩ ሽንፈት ያረጃል። የተዘጋ ነገር ላይ ይቁም፤ ቀበቶው የተያዘበት ሌሊት፣ ከጉዳት በኋላ የተመለሰበት ቀን፣ ወይም የመጀመሪያ አሰልጣኙ የተሸኙበት ዕለት።

ገና የሚፋለም ሰው መጽሐፉን ተጋጣሚውም ያነብበዋል። የተሰነጠቀ የእጅ አጥንት፣ በአንድ በኩል የደከመ ዓይን፣ ኪሎ ለማውረድ የሚያስቸግረው የመጨረሻ ሳምንት፣ ከማዕዘን የሚሰጠው ምልክት ሁሉ ለሌላው አሰልጣኝ የልምምድ ዕቅድ ነው። ሁለት ፋይል ይከፈት። ያለፈና የዳነ ጉዳት አሁን ይታተም፤ ተጋጣሚ ሊሠራበት የሚችለው ሁሉ በሁለተኛው ፋይል ለሚቀጥለው እትም ይቆይ። መሰረዝ ግን አይገባም፤ የመጽሐፉ እውነተኛ ሀብት ብዙ ጊዜ ያለው እዚያ ነው።

«ዳኛው ተገዝቶ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር በየረቂቁ አይጠፋም። ማስረጃ ከሌለ ይውጣ። በምትኩ የእያንዳንዱ ዳኛ ነጥብ፣ በየዙሩ ያረፈው ቡጢ፣ ከውሳኔው በኋላ አዳራሹ ያደረገው ይጻፍ፤ አንባቢ ራሱ ይፈርዳል፤ ፍርዱም ይበረታል።

ከጸሐፊው ጋር ያለው ስምምነት ከመጀመሪያው ቀረጻ በፊት ይፈረም። አብሮ አደግም ቢሆን፣ የአገር ልጅም ቢሆን ወረቀት ያስፈልጋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። ጉዳዩ የልጆችም ነው ማለት ነው። ክፍያው የአንድ ጊዜ ነው ወይስ ከሽያጭ ድርሻ? የጸሐፊው ስም ሽፋን ላይ ይወጣል? የድምፅ ቅጂዎቹ የማን ናቸው? ለፊልም ቢፈለግስ? እነዚህ አራቱ ካልተጻፉ ጠቡ የሚነሣው መጽሐፉ ሲሸጥ ነው። ክለቡና ስፖንሰሩ ጋ ያለው ውልም ስለ ስምና ምስል የሚለው ይነበብ። ፎቶ ላይ ያለው ሰው ቦክሰኛው ስለሆነ ፎቶው የእሱ ነው ማለት አይደለም፤ ካነሣው ሰው ፈቃድ በጽሑፍ ይወሰድ።

ስለ ቦታ አጻጻፍ አንድ ነገር። «ብርዱ ከባድ ነበር» ደብረ ብርሃንን ላላየ ምንም አይነግረውም፤ ለሚያውቃትም አይጨምርለትም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በጣርማ በር ዋሻ አልፎ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ ወደ 1,300 ይደርሳል፤ መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም። በሁለቱም ቦታ የሮጠ ሰው ሳንባውና እግሩ የሚናገሩት ነገር አለው፤ እሱ ይጻፍ። የኅዳር ውርጭ የገብስ ማሳ ላይ፣ ከሩጫ መልስ ትከሻ ላይ የሚጣል የመንዝ ባና፣ እነዚህ ያለ ቅጽል ይሠራሉ። የቦክሰኛው አነጋገርም አይለስልስበት፤ የሸዋ አማርኛው ይቆይ።

የሆሄ ጉዳይ ከአንባቢ በፊት አራሚን ያሰቃያል። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ ጸ፣ ፀ ላይ አንድ ውሳኔ ተወስኖ የቃላት ዝርዝር ይዘጋጅ፤ «ቦክሰኛ» ወይስ «ቡጢኛ»፣ «ሪንግ» ወይስ «መድረክ» የሚለውም እዚያው ይወሰን። ዩኒኮድ (ኮምፒዩተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ባልሆነ አሮጌ ፎንት የተጻፈ ምዕራፍ ማተሚያ ቤት ሲደርስ ወደ ምልክት ይለወጣልና አስቀድሞ ይቀየር። ሁለት አራሚ ያስፈልጋል፦ አንዱ ቋንቋውን፣ ሌላው ቁጥሩን ብቻ ከሠንጠረዡ ጋር እያመሳከረ።

ኅትመቱ ላይ፣ በኤ5 መጠን፣ በ12 ነጥብ ፊደል አንድ ገጽ 250 ቃል ገደማ ይይዛል። ማተሚያው ብዙ ጊዜ በ16 ገጽ ፎርም ስለሚሠራ የገጹ ብዛት በ16 ይካፈል፤ 208 ገጽ 13 ፎርም ነው፣ 210 ቢሆን ለሁለት ገጽ ሲባል ሌላ ፎርም ይነካል። የውስጥ ወረቀት 80 ግራም ከሆነ የ208 ገጽ ጀርባ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወፍራል፤ ሽፋኑ ይህ ሳይታወቅ ከተሠራ ርዕሱ ወደ ጎን ይሸሻል። ፎቶ በሚታተምበት መጠን 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይሁን፤ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ወደ 1,180 ፒክስል ይፈልጋል። በቴሌግራም ሲላክ እንደ ፎቶ ከተላከ ስለሚያሳንሰው እንደ ፋይል ይላክ። የመጽሐፍ መለያ ቁጥሩ (አይኤስቢኤን) የሚወጣው ከወመዘክር፣ ከአገሪቱ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ነው። ሽፋኑ ከመታተሙ በፊት እጅ ላይ ይግባ።

የምረቃው ቀን ከግጥሚያ ጋር አይጋጭ። ለውድድር ዝግጅት ከገባ በኋላ ፊርማና ቃለ መጠይቅ እንቅልፉንና ኪሎውን ያበላሻል፤ ከግጥሚያ በኋላ ባሉት የዕረፍት ሳምንታት ይሁን። ከማተሚያ ቤቱ ሲወጣ ደግሞ ፒዲኤፉን ብቻ ይዞ መሄድ አይበቃም፤ ገጹ የተቀናበረበት የኢንዲዛይን ፋይል ከነፎንቱና ከነፎቶው ይወሰድ። ጓንቲው የሚሰቀልበት ቀን ሲመጣ ሁለተኛው ፋይል የሚገባው እዚያ ላይ ነው።