ሳንቃ በር ላይ ማስታወሻ ስይዝ

ዛሬ ጠዋት ከደባርቅ ወጥቼ በስሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ሳንቃ በር አቅራቢያ ተቀምጬ ስጽፍ፣ አንድ እረኛ ልጅ ከጀርባዬ ቆሞ ጥቂት ካነበበ በኋላ «ጋሼ፣ ድምፃቸውንስ ይጽፉታል?» አለኝ። የጭላዳ ዝንጀሮዎቹን ማለቱ ነበር።

ብዕሬን አኑሬ አዳመጥሁ። ሌሊቱን ገደል ላይ አድረው ፀሐይ ስትሞቅ ወደ ሜዳው የወጡት ጭላዳዎች ቁጢጥ ብለው ሣሩን በጣቶቻቸው እየነጩ ይበላሉ፤ መንጋው ብዙ በመሆኑም የሚነጨው ሣር ድምፅ፣ ከሩቅ እንደሚሰማ አጨዳ፣ ሳይቋረጥ ይቀጥላል፤ በመካከሉም እርስ በርስ ሲያጉረመርሙ ይሰማል። ልጁ ይህን በየቀኑ ስለሚሰማው ለእርሱ የቦታው ዋና ነገር ገደሉ ሳይሆን ድምፁ ነው።

የስሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ስፍራዎች አንዱ ነው፤ እኔ ያነበብኋቸው ጽሑፎች ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሱት ዋልያውንና የገደሉን ግርማ ነው። ቤቴ ተቀምጬ ብጽፍ ኖሮ እኔም ያንኑ እደግም ነበር። ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው በዚያ ከፍታ ብርዱ ጣት ያደነዝዛል (የእጅ ጽሑፌም ለዚህ ምስክር ነው)፤ ሆኖም ደጅ መጻፍ የሚያስደስተኝ አላፊ አግዳሚው ያልጠየቅሁትን ሐሳብ ጽሑፌ ውስጥ ስለሚጨምርልኝ ነው።