ማንም የማይመርጠው ክፍል

ሰሞኑን ሆዴን ባር ባር ይለዋል። የሚያስከፋ ነገር የለም፣ ደስ የሚልም የለም። ከሰዓት በኋላ ይዘንባል። መብራት ሄድ መጣ ይላል። ሥራ ያው ሥራ ነው። እንዲህ ሲያደርገኝ የማየው ነገር የታወቀ ነው፤ የድሮውን ስታር ትሬክ፣ የጠፈር መርከብ ጉዞ ተከታታይ ፊልሙን። የካፒቴን ፒካርድን ማለቴ ነው፣ ዘ ኔክስት ጄኔሬሽንን።

መ. ይህን ያውቃል። ትናንት ማታ ደውሎ "ምርጥ አሥርሽን በደረጃ ጻፊልኝ፣ እኔም የእኔን እልክልሻለሁ፣ ማጭበርበር የለም" አለኝ። ይህ የቆየ ጨዋታችን ነው። ፊልሙን ከፊልም ቤት በፍላሽ እያስጫንን ስናይ ጀምሮ እንከራከራለን። ሰባት ሲዝን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 1994 የወጡ 178 ክፍሎች። ከዚያ ውስጥ አሥር መምረጥ ቀላል ይመስላል፤ ግን አምስተኛው ላይ ስትደርስ እጅህ ይያዛል።

የሚገርመው ላይና ታቹ ላይ ጭቅጭቅ የለም። ታች የሁለተኛው ሲዝን መዝጊያ አለ፤ ገንዘብ ሲያጥር ከቀድሞ ክፍሎች ተቆራርጦ የተሠራው። እሱን የሚወድ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ላይ ደግሞ ሁሉም ሰው የሚያውቃቸው አሉ። መ. አንደኛ ያደረገው "ዘ ቤስት ኦቭ ቦዝ ወርልድስ"ን ነው። ቦርጎች፣ ግማሽ ሰው ግማሽ ማሽን የሆኑት ጠላቶች፣ ፒካርድን ወስደው እንደ እነሱ ግማሽ ማሽን ያደርጉታል። በራሱ እውቀት የራሱን ወገኖች ያስጨርሳሉ፤ 40 መርከቦች ይዘምታሉ፣ አንዱም ሊያቆማቸው አይችልም። የመጀመሪያው ክፍል የሚያልቀው ምክትሉ ራይከር በገዛ ካፒቴኑ ላይ "ተኩስ" ብሎ ሲያዝ ነው። ይህ የወጣው በሰኔ 1990 ነበር፣ ቀጣዩ የመጣው መስከረም ላይ። በዚያ ክረምት አሜሪካ ውስጥ ስንቱ ሰው ጥፍሩን እንደበላ መገመት አያቅትም። አንደኛ ቢባል አልቃወምም።

ሁለተኛው "ዘ ኢነር ላይት" ነው። የእኔ አንደኛ እሱ ነው። እሱን ልጽፍ ብዕሬን ሳነሣ ነው ሐሳቤ የሄደው።

ላላየው ሰው በአጭሩ እንዲህ ነው። አንዲት የማትታወቅ መንኮራኩር ፒካርድን በጨረር መትታ ትጥለዋለች። ሲነቃ ካታን በሚባል ፕላኔት፣ ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። ኤሊን የምትባል ሚስት አለችው። ስምህ ካሚን ነው፣ አሞህ ነበር፣ መርከብ ምናምን የምትለው ትኩሳት ነው ይሉታል። ዓመታት አልቀበልም ይላል። ቀስ በቀስ ግን ይለምደዋል። ልጆች ይወልዳል። ዋሽንት ይማራል። ሚስቱን ይቀብራል፣ የልጅ ልጅ ያያል፣ ይሸብታል። ፕላኔቷ እየደረቀች ነው፣ ፀሐይዋ ልትፈነዳ ነው። መጨረሻ ላይ ያቺ መንኮራኩር የተላከችው እነዚህ ሰዎች እንደነበሩ አንድ ሰው እንዲያስታውስላቸው መሆኑን ይረዳል። ከዚያ ይነቃል። ሁሉም ካለቁ ሺህ ዓመት ሆኗቸዋል። መርከቡ ላይ ያለፈው ጊዜ ግን ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ራይከር ከመንኮራኩሯ ውስጥ የተገኘ ትንሽ ሳጥን ይሰጠዋል፤ ውስጡ ዋሽንቱ አለ። ብቻውን ቆሞ ይነፋዋል። አለቀ።

እ.ኤ.አ. በ1993 ለሳይንስ ልብ ወለድ የሚሰጠውን የሁጎ ሽልማት አግኝቷል። ጎልማሳ ልጁን ሆኖ የተጫወተው የፓትሪክ ስቱዋርት የገዛ ልጅ ነው፤ ይህን ካወቅሁ ወዲህ አብረው ያሉበትን ትዕይንት ደጋግሜ አያለሁ። ዋሽንቱም በ2006 ክሪስቲስ ጨረታ ላይ ቀርቦ ከ40,000 ዶላር በላይ ተሸጧል። ሰው ለዚህ ክፍል ያለው ፍቅር እስከዚህ ድረስ ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ከዚያ ቀጥሎ የሚሆነው ነው። ቀጣዩን ክፍል ከፈትኩት። ሳን ፍራንሲስኮ ሥር አንድ ዋሻ ውስጥ የዳታ፣ የመርከቧ መኮንን የሆነው ሰው መሰል ሮቦት፣ የተቆረጠ ጭንቅላት ተገኝቷል፣ አምስት መቶ ዓመት ያስቆጠረ። ሁሉም ሰው ስለ ዳታ ይጨነቃል። ፒካርድ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ትእዛዝ ይሰጣል። ድምፁ ያው ነው። ልብሱ ያው ነው። ሚስቱን ቀብሮ የመጣ ሰው ነው እኮ! የልጅ ልጅ አቅፎ የመጣ ሰው ነው። አንድም ሰው "ካፒቴን፣ ደህና ነዎት ወይ?" አይለውም።

ምክንያቱን አውቃለሁ። ፊልሙ ለየከተማው የቴሌቪዥን ጣቢያ በቀጥታ የሚሸጥ ነበር። ጣቢያዎቹ ሲደግሙት ቅደም ተከተል ባይጠብቁም ተመልካች እንዳይጠፋበት እያንዳንዱ ክፍል ራሱን ችሎ ተከፍቶ ራሱን ችሎ ይዘጋል። በሚቀጥለው ሳምንት ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ይመለሳል። የንግድ ነገር ነው። ይገባኛል። ግን አንዳንዴ የንግድ ነገር ከታሰበው በላይ እውነት ይናገራል። ሰው ከትልቅ ነገር ሲመለስ የሚያጋጥመው ልክ ይኸው ነው። ሁሉም ነገር ቦታው ላይ ይጠብቀዋል። የሚጠይቀው የለም።

ፊልሙ ራሱ ሁለት ጊዜ ጠይቋል። ሁለቱም የማንም ምርጥ አሥር ውስጥ አይገቡም።

አንዱ "ፋሚሊ" ነው፣ ከቦርጎቹ በኋላ ወዲያው የሚመጣው። መርከቧ ለጥገና ቆማለች። ፒካርድ ፈረንሳይ ወደ ትውልድ መንደሩ ይሄዳል፤ ታላቅ ወንድሙ ሮበርት የወይን እርሻ ላይ ነው። ጠላት የለም፣ ተኩስ የለም። በመርከቡ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ የተቀረፀ አንድም ትዕይንት የለበትም። ሁለት ወንድማማቾች በቆየ ቂም ይጎሻሸማሉ፣ ከዚያ ይጣላሉ፣ ወይኑ መሀል ጭቃ ላይ ይወድቃሉ። ይሥቃሉ። ሣቁ ሳያልቅ ፒካርድ ማልቀስ ይጀምራል። ላቆማቸው ይገባኝ ነበር፣ አልቻልኩም ይላል። ወንድሙ አያባብለውም። ዝም ብሎ ያዳምጠዋል፣ ከዚያ ከዚህ ነገር ጋር ረጅም ጊዜ መኖርህ ነው ይለዋል። ይህን ትዕይንት ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። ጭቃው ፊቱ ላይ ነው። ያ የተከበረ ሰውዬ።

ሌላው "ሌሰንስ" ነው፣ ስድስተኛው ሲዝን ላይ። ከዋሽንቱ ክፍል ወደ አንድ ዓመት ገደማ በኋላ ማለት ነው። ኔላ ዳረን የምትባል የሳይንስ ክፍል ኃላፊ ወደ መርከቧ ትመጣለች። እንደ ምንጣፍ የሚጠቀለል ፒያኖ አላት። እሱ ዋሽንት አለው። መርከቧ ውስጥ ድምፅ አሳምሮ የሚያስተጋባበትን ቦታ ታውቃለች፤ ጠባብ የጥገና መተላለፊያ ውስጥ በእንብርክክ ይዛው ትገባለች። እዚያ ተቀምጠው አብረው ይጫወታሉ። ኋላ የዋሽንቱን ታሪክ ይነግራታል። ሚስት እንደነበረችው፣ ልጆች እንደነበሩት። ያን ሁሉ ጊዜ ይዞት ነበር እኮ። መርከቧ ላይ ከሺህ በላይ ሰው አለ፣ የተናገረው ግን ለእሷ ነው።

እዚህ ላይ ነው እትዬ የመጣችብኝ።

እትዬ ከቤሩት የተመለሰችው የሊባኖስ ገንዘብ የወደቀ ጊዜ ነው። ያኔ ብዙ አሠሪዎች በዶላር መክፈል አቃታቸው፣ ስንቷ እህታችን ቆንስላው በር ላይ ተጣለች። የእሷዎቹ አልጣሏትም። አልቅሰው ነው የሸኟት። ቦሌ ተቀበልናት፣ ቡና ተፈላ፣ ጎረቤት መጣ። የሚጠየቀው ሁለት ነገር ነበር። "ስንት ይዘሽ መጣሽ?" እና "ማዳሟ ክፉ ነበረች?" ሰው ሀብት ወይም መከራ መስማት ይፈልጋል። እትዬ ሁለቱም የላትም። ያላት አንድ ልጅ ነው። በተወለደ በሳምንቱ እጇ ላይ አስቀመጡት፣ በቁመት እስኪበልጣት ድረስ አሳደገችው። ይህን ወሬ ብሎ የሚያዳምጥ ሰው አልነበረም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ እትዬ እንደ ድሮው ሽሮ ታቁላላለች፣ ለእኛም ሱቅ ደርሳ የተመለሰች ያህል ሆነ።

ስልኳ ግን በየቀኑ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ይጮኻል። ቅዳሜና እሁድ አይጮኽም። ቤቱ ሁሉ ተማሮበታል። ከእኛ መሀል በዚያ ሰዓት የሚነሣ የለም፣ እሷም አትነሣም። እጇን ከብርድ ልብሱ ታወጣለች፣ ሳታይ ታጠፋዋለች፣ ተመልሳ ትተኛለች። ስልክ ቀይራለች፤ አዲሱም ስልክ በዚያው ሰዓት ይጮኻል። አንድ ቀን እኅቴ "አንቺ፣ ይህን ነገር ለምን አታጠፊውም?" ብላ ስትጮኽባት "ባሱ ሩብ ጉዳይ ላይ ነው የሚመጣው" አለች፣ በእንቅልፍ ልቧ። ማንም ምንም አላለም። እኔም አላልኩም። የየትኛው ትምህርት ቤት ባስ እንደሆነ ግን ገብቶኛል።

ልብስ ስታሰጣ መቆንጠጫዎቹን በዓረብኛ ትቆጥራለች። ዋሐድ፣ ትኔን፣ ትላቴ። አሥር ላይ ስትደርስ እንደገና ከአንድ ትጀምራለች፣ ለሕፃን እንደሚቆጠርለት። ከኋላዋ ሰው እንዳለ ካወቀች ታቆማለች።

እትዬ ስታር ትሬክ አትወድም። "ጆሮው የሾለ ሰውዬ" ትላለች፣ እሱ የሌላኛው ፊልም ነው ብላትም አትሰማኝም። ዛሬ ግን "ዘ ኢነር ላይት"ን አብራኝ እንድታይ ብጋብዛት ምን እንደምትል እያሰብኩ ነው የዋልኩት። ከዚያ ፈራሁ። ሰው ያላወራውን ነገር በፊልም ከፍቶበት መሄድ ደግ ነገር ነው? ሮበርት ወንድሙን መንገድ ላይ አላስቆመውም፤ ራሱ እስኪወድቅ ጠብቆ ነው አብሮት የወደቀው። ዳረንም ብትሆን ጥያቄ ይዛ አይደለም የመጣችው። ፒያኖዋን ይዛ ነው የመጣችው። እየተጫወቱ ሳለ ነው ነገሩ በራሱ የወጣው። እኔ ለእትዬ ይዤላት የምሄደው ምንድነው? ዓረብኛ አልችልም። ልጅ አላሳደግሁም። ከእሷ ጋር ልብስ ማስጣት እችላለሁ፣ ምናልባት።

ልጁ አሁን ጎረምሳ ሆኗል። ስሙን አውቃለሁ፣ የአባቱንም። በስሙ ፌስቡክ ላይ ፈልጌው ነበር፤ የሚመስል ልጅ አለ፣ ፂም የጀመረው። ፎቶው ላይ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለ። እትዬ አንድ ጊዜ ደረጃ ላይ ወድቆ ሦስት ጥልፍ እንደተሰፋ ነግራኛለች፤ ሆስፒታል ይዛው የሮጠችው እሷ ናት። የቱ ቅንድብ እንደሆነ ግን አላለችኝም።

ልጻፍለት? ያስታውሳታል? ብጽፍለትና ባይመልስ ለእሷ እደብቃለሁ? ወይስ መጀመሪያ "እትዬ፣ የትኛው ቅንድቡ ነበር?" ብዬ ልጠይቃት?