ባጁን የወረወረው ፖሊስ

የፖሊስ ፊልም ማየት የጀመርኩት እንግሊዝኛ ሳልችል ነው። ደብረ ማርቆስ፣ ቪዲዮ ቤት ውስጥ፣ አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን። ከስር የሚጻፍ ትርጉም የለም፤ ቢኖርም ከኋላ ለተቀመጠ አይታይም። ፊልሙን ቀድሞ ያየ አንድ ልጅ ግን አይጠፋም። «አሁን ከኋላው ይመጣበታል!» ይላል። «ዝም በል አንተ!» ይባላል። ዝም አይልም።

ስለዚህ ማን ምን እንዳለ ሳናውቅ ነበር የምንፈርደው። ማን ማንን እንደሚያሳድድ፣ በሩ በየት በኩል እንደሆነ፣ ማን እንደፈራ በዓይናችን ብቻ እንለያለን። እነዚህ ካልገቡን ፊልሙ ወደቀ። ዛሬ ንግግሩ ይገባኛል፤ መለኪያዬ ግን ያው የድሮው ነው።

ሰሞኑን ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ብሎናል። የሐምሌ ማርቆስ ታውቁታላችሁ፤ ከሰዓት በኋላ ጋቢ ለብሶ ከመቀመጥ ሌላ ሥራ የለም። «ዳይ ሃርድ»ን በላፕቶፕ ከፈትኩ። እታለም ቡና እያፈላች አልፎ አልፎ ቀና ትላለች። እንግሊዝኛ አታውቅም። ትንሽ ቆይታ፣

«ይሄ ልጅ ጫማውን ምን በላው?» አለችኝ።

ፊልሙን በአንድ ጥያቄ ያዘችው። ሰውየው የኒውዮርክ ፖሊስ ነው። የተኳረፋትን ሚስቱን ለማግኘት ለገና ሎስ አንጀለስ ይመጣል። አውሮፕላን ላይ አጠገቡ የተቀመጠ መንገደኛ «ስትደርስ ጫማህን አውልቀህ ምንጣፍ ላይ የእግር ጣቶችህን ጨብጥ፣ ድካሙ ይለቅሃል» ይለዋል። ያወልቃል። ወንበዴዎች ሚስቱ የምትሠራበትን ሕንፃ የያዙት ልክ በዚያ ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ የምናየው ባዶ እግሩን የሚሮጥ ሰው ነው። የወንበዴዎቹ አለቃ ይህን ልብ ይላል፤ መስታወቱን በጥይት አርግፉት ብሎ ያዛል። ፖሊሱ በስብርባሪው ላይ ይሮጣል። ኋላ መታጠቢያ ቤት ተቀምጦ ስንጥሩን ከእግሩ እየነቀለ፣ ፊቱን አይቶት ለማያውቅ ፖሊስ በሬዲዮ ስለ ሚስቱ ያወራል። እኔ ከተኩሱ ሁሉ ይህችን አስበልጣለሁ።

ፊልሙ የወጣው በ1988 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ የአክሽን አክተር ማለት እነ ስታሎንና ሽዋዚንገር ነበሩ፤ ደረታቸው እንደ በር የሰፋ። ፖሊሱን የሚጫወተውን ብሩስ ዊሊስን ግን ሰው የሚያውቀው በቴሌቪዥን ኮሜዲ ነበር። ሲፈራ ያስታውቃል፤ ብቻውን ያወራል፤ ይደማል።

ደግሞ ኤፍቢአዮቹ፣ የአሜሪካ ፌዴራል መርማሪዎቹ፣ አሉ። መመሪያቸው እንደሚያዘው የሕንፃውን መብራት ያስቆርጣሉ። የካዝናው የመጨረሻ ቁልፍ ግን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነበር፤ ወንበዴው ሲጠብቅ የነበረውም ይህንኑ ነው። ለእታለም ስነግራት ሳቀች። «መብራት ማጥፋቱንማ እኛም አገር ይችሉበታል» አለች።

ነገሬ ግን እዚህ ላይ ነው። የጎጃም ልጅ የፖሊስ ተረት እየሰማ አያድግም። የምንሰማው የሽፍታ ነው። ቀረርቶውም ፉከራውም ጫካ ለገባው ነው። በላይ ዘለቀን አስቡት። አምስቱን ዓመት ጣሊያንን ሲዋጋ ኖሮ፣ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሰቀለው የገዛ አገሩ መንግሥት ነው። ይህን እየሰማ ያደገ ሰው ደንብ ልብስ የለበሰን ሁሉ በአንድ ዓይኑ ነው የሚያየው። ታዲያ ያ ቪዲዮ ቤት ሙሉ ጎረምሳ ለፖሊስ ሲያጨበጭብ ምን ነካው?

የእኔ መልስ፣ ያ ፖሊስ ሸፍቷል። ጥሩዎቹን አንድ በአንድ ብታዩ አለቃው የማይወቅሰው የለም። በ1971 እ.ኤ.አ. በወጣው «ደርቲ ሃሪ» መጨረሻ ላይ ክሊንት ኢስትውድ ወንጀለኛውን ከገደለ በኋላ ባጁን፣ የፖሊስነት መለያውን፣ አውጥቶ ውኃ ውስጥ ይወረውረዋል። ጃኪ ቻን ራሱ ባዘጋጀው የ1985ቱ «ፖሊስ ስቶሪ» ደግሞ ባልሠራው ግድያ ይወነጀላል፤ ለማምለጥ የገዛ አለቃውን ያግታል! ይህን ስናይ ማንም ማብራሪያ አላስፈለገውም። በደል ደረሰበት፣ የሚሰማው አጣ፣ ወጣ። እኛ አገር ታሪኩ እንዲሁ ነው የሚጀምረው።

መውጣቱ ብቻ ግን አይበቃም፤ መክፈል አለበት። የጃኪ ቻን ልዩነቱ ይሄ ነው። እዚያው ፊልም ላይ ገበያ አዳራሹ ውስጥ በመብራት የተጠቀለለ ረጅም ብረት ላይ ዘሎ እየተንሸራተተ ይወርዳል። እጁ የምር ተቃጥሏል። ፊልሙም ያችኑ ዝላይ ከተለያየ አቅጣጫ ደጋግሞ ያሳያታል፤ ልክ ነው፣ የተከፈለበት ነገር ነው። አሁን አሁን በኮምፒውተር የሚሠራው ሰው ከሃያኛ ፎቅ ወድቆ አቧራውን አራግፎ ይነሳል። ምኑ ያስፈራል?

የእታለም ልጅ በዚህ አይስማማም። ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፣ ክርክር ይወዳል። «ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ፖሊስ ቀበሌያችን ቢመደብ ደስ ይልሃል?» አለኝ። አይለኝም። ሃያሲዋ ፖሊን ኬልም «ደርቲ ሃሪ»ን ያኔውኑ ፋሺስታዊ ብላ ወቅሳዋለች። ፊልሙ ላይ ካሜራው ጥፋተኛውን አስቀድሞ አሳይቶናል። እውነተኛው ፖሊስ ካሜራ የለውም፤ ጥርጣሬ ነው ያለው። ልጁ ረቶኛል። ፊልሙን መውደዴን ግን አልተውኩም።

መኪና ማሳደዱንም ልንገራችሁ፤ ያለዚያ ነገሩ አይሞላም። የ1968ቱ «ቡሊት» ላይ ስቲቭ ማክዊን በማስታንግ፣ ገዳዮቹ በጥቁር ዶጅ ቻርጀር የሳንፍራንሲስኮን አቀበትና ቁልቁለት ለአሥር ደቂቃ ያህል ይፋለሙበታል። መጀመሪያ ቀስ ብለው ነው የሚከታተሉት፤ ሙዚቃ አለ። ገዳዩ የወንበር ቀበቶውን ሲያስር ልብህ ይደነግጣል። መኪናዎቹ ተስፈንጥረው ሲወጡ ሙዚቃው ቀጥ ይላል። ከዚያ ሞተርና ጎማ ብቻ። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ በአይሱዙ ወርዶ የሚያውቅ ሰው ይህ ዝምታ ይገባዋል። ሾፌሩ ቴፑን ሲያጠፋ ተሳፋሪው ሁሉ ወሬውን ያቆማል። የፊልሙ ኤዲቲንግ ፍራንክ ኬለርን ኦስካር አሸልሞታል። እንከን የለውም ማለቴ ግን አይደለም። አንዲት አረንጓዴ ቮልስ አለች፤ ያለፏትን መልሰው መላልሰው ያልፏታል። ያንኑ መንገድ ከተለያየ ቦታ ቀርጸው ስለቀጠሉት ነው። ቪዲዮ ቤት ያ ለፍላፊ ልጅ ቢያያት ኖሮ አገር ይያዝልኝ ነበር የሚለው።

ከሁሉም አስቸጋሪው «ዘ ፍሬንች ኮኔክሽን» ነው። እሱም የ1971 ነው። ታሪኩ ከእውነተኛ የኒውዮርክ ፖሊሶች ሥራ የተወሰደ ነው፤ ሁለቱ ፖሊሶች ራሳቸው በትንንሽ ሚና ገብተውበታል። ጂን ሃክማን የሚጫወተው ፖሊስ ጨካኝ ነው፣ ዘረኛ ነው፣ እልኸኛ ነው። ከላይ በሐዲድ የሚበረውን ባቡር ከታች በመኪና ያባርራል። መጨረሻ ላይ በስህተት የገዛ ወገኑን፣ የፌዴራል ፖሊሱን፣ ይገድላል። ዋናው የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴ አመለጠ። አለቀ። የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ ኦስካር ወሰደ።

ይህ ፊልም የእኔን የሽፍታ ሐሳብ ያፈርሰዋል። ይህ ሰው አልተበደለም፣ ማንም አላሳደደውም። እልሁ ብቻ ነው የሚነዳው። ሆኖም ዓይኔን ከእሱ ላይ መንቀል አልችልም፤ ለምን እንደሆነ ለእታለም ልጅ ለማስረዳት ሞክሬ «እሱም ይከፍላል» ከማለት አላለፍኩም። «ምን ከፈለ? ሌላ ሰው ነው የሞተው» አለኝ።