ባለከመነዳሪ ወይስ ቱብለስ? የሞተሬ ጎማ ምርጫ

የ125 ሲሲ ሞተሬን የኋላ ጎማ ልቀይር ስነሳ፣ ባለከመነዳሪውን (ውስጡ አየር የሚሞላ ላስቲክ ያለውን) ልግዛ ወይስ ያለ ከመነዳሪ የሚሠራውን፣ በተለምዶ ቱብለስ የምንለውን፣ የሚለው ጥያቄ ከጠበቅሁት በላይ አሳስቦኛል። ሚስማር ከመነዳሪን ሲበሳ አየሩ በራጂዎቹ (መሃሉን ከጠርዙ በሚያያይዙት ቀጫጭን ዘንጎች) ቀዳዳና በቫልቩ ዙሪያ በፍጥነት ስለሚወጣ ሞተሩ ከኋላ በድንገት ይዋልላል፤ ቱብለስ ግን ሚስማሩን አጥብቆ ስለሚይዘው አየሩ ብዙውን ጊዜ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ነጂውም ዳር ይዞ ለመቆም ጊዜ ያገኛል። ቀዳዳው ትንሽና መሬት በሚነካው ክፍል ላይ ከሆነ፣ ጎማው ሳይወልቅ ማጣበቂያ በተቀባ የላስቲክ ገመድ ይደፈናል። (ከመነዳሪ ለመለጠፍ የኋላውን ጎማ ከሰንሰለቱ መፍታት እጅን ምን ያህል እንደሚያጨቀይ የሞከረው ያውቀዋል።)

ይሁን እንጂ ምርጫውን በዋናነት የሚወስነው ቸርኬው፣ ማለትም ጎማው የሚገጠምበት ክብ አካል፣ ነው። ባለራጂ ቸርኬ በአብዛኛው አየር ስለማይቋጥር ከመነዳሪ ግድ ይለዋል፤ ወጥ የአሉሚኒየም ቸርኬ ግን ለቱብለስ ተብሎ የተሠራ እስከሆነ ድረስ ያለ ከመነዳሪ ይሠራል። ሆኖም ኮረኮንች ላይ ጠርዙ ከተጣመመ አየር ማፍሰስ ይጀምራል፤ ገጠር ውስጥ ደግሞ ጎማውን መልሶ ጠርዙ ላይ የሚያስቀምጥ ኮምፕሬሰር ላይገኝ ይችላል። እኔ አብዛኛውን ጊዜ በአስፋልት ስለምነዳና ቸርኬዬም ወጥ ስለሆነ ቱብለሱን መርጫለሁ፤ ለክፉ ቀን የሚሆን አንድ ከመነዳሪ ግን ከዕቃ መያዣዬ አላወጣሁም።