ቁጥሩ ሲጨምር

ዛሬ ባሕር ዳር፣ ላብራቶሪ በር ላይ ወረፋ ስንጠብቅ አጠገቤ ያሉት እናት ወረቀታቸውን ዘረጉልኝ። «ልጄ፣ እስቲ እየው። ቲኤስኤች ጨምሯል ተባልኩ፤ ሐኪሙ ደግሞ መድኃኒቱንም ጨመረብኝ። መቀነስ አልነበረበትም?»

እውነታቸውን ነው፣ ግራ ያጋባል። ቲኤስኤች ታይሮይድን፣ አንገት ላይ ያለውን ዕጢ፣ የሚያዝ ሆርሞን ነው፤ የሚመነጨው ግን ከታይሮይዱ ሳይሆን ጭንቅላት ውስጥ ካለችው ፒቱታሪ ዕጢ ነው። እንደ አለቃ ናት፤ ታይሮይዱ ሲለግም ትጮኻለች። ጩኸቷ ቲኤስኤች ነው፤ ሲበዛ የታይሮይዱን ጉድለት የሚተካው መድኃኒት፣ ሌቮታይሮክሲኑ፣ ከፍ ይላል።

የእሳቸው ከ50 ወደ 75 ማይክሮግራም ነው። ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈተው በምላጭ ለሁለት የተከፈሉ ክኒኖች አሳዩኝ። አንዷ ግማሽ ከሌላዋ ትተልቃለች።

«በምን ነው የሚውጡት?»

«በዘጌ ቡና ነዋ! በምን ልዋጠው ታዲያ?»

ቡና እኮ መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋል። በባዶ ሆድ፣ በውሃ፣ ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ ነው የሚዋጠው። ቲኤስኤች የጨመረው የመድኃኒቱ መጠን አንሶ ይሁን ቡናው በልቶት ወረቀቱ አይናገርም። የጠየቃቸውም የለም። በዚህ ወረፋ ማን ስለ ቡና ይጠይቃል!

ለሐኪሙ ሊነግሩ ተመልሰው ገቡ። ሲወጡ ከ6 ሳምንት በኋላ ለምርመራ ድጋሚ ደም ስጪ ተብለዋል።

«በውሃ እውጣለሁ እሺ» አሉኝ፤ «ቡናውን ግን ከአንድ ሰዓት በላይ አልጠብቅም።»