«ጠይቅ!»

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከአንድ ዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) ጋር ስታገል ዋልኩ። ኩዌሪ፣ ማለትም ለዳታቤዙ የሚቀርብ ጥያቄ፣ እጽፋለሁ፤ ኤረር ይመልስልኛል። ሲሰለቸኝ ስራውን ትቼ «ኩዌሪ» የሚለው ቃል ራሱ ከየት መጣ ብዬ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። (ከስራ ለመሸሽ አሪፍ ዘዴ ነው።)

ምንጩ ላቲን ነው፤ «ኩዌሬ»። ለካ ትእዛዝ ነው፦ «ጠይቅ!»፣ «ፈልግ!» ማለት። እንግሊዝኛ ውስጥ የገባው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። አንባቢዎች ያልተዋጠላቸው ነገር ሲገጥማቸው ይህችን ቃል የገጹ ጠርዝ ላይ ጫር ያደርጓት ነበር።

«ክዌስችን» እና «ሪኩዌስት»ም የዚሁ ቤት ልጆች ናቸው። የገረመኝ ግን «ኮንከር» ነው፤ ድል አድርጎ መያዝ። መጠየቅና መውረር ከአንድ ስር! ሁለቱም የሚነሱት «መፈለግ» ከሚለው ነው።

የኔ ጥፋት? አንዲት ኮማ ረስቼ ነበር። ያየኋት ኮምፒውተሩን ልዘጋ ስል ነው።