ብሎብ፣ ግሎብ፣ ዶሎፕ፦ የትኛው የት ይገባል?

እንግሊዝኛ ቅርጽ ለሌለው ለስላሳ ወይም ተለጣፊ ነገር በርከት ያሉ ቃላት አሉት። አንዱን በሌላው መተካት ግን ትርጉሙን ያበላሻል።

በሰፊው የሚያገለግለው ብሎብ ነው፤ ወረቀት ላይ ጠብ ያለ ቀለምም፣ ከሩቅ መልኩ ያልለየ ነገርም ብሎብ ይባላል። ግሎብ ወፈርና ዝልግልግ ይላል፤ ከቱቦ የወጣ ሙጫ ወይም ግራሶ። ዶሎፕ የማዕድ ቤት ቃል ነው፦ በማንኪያ ተጨልፎ ምግብ ላይ ጣል የተደረገ ክሬም ወይም እርጎ። ቁርጥ ያለ ልክ የለውም፤ ስትተረጉሙ "አንድ የሾርባ ማንኪያ" አትበሉ፤ "ጨለፍ አድርጋችሁ" ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ለምፕና ክሎት ላይ ነው። ለምፕ ጠጠር ያለ ነው፤ ገንፎ ሲጓጉል የሚወጣው ጓል፣ ጡት ላይ በእጅ የሚዳሰስ እብጠት። ክሎት ግን ፈሳሽ የነበረ ነገር፣ በተለይም ደም፣ ሲረጋ ነው። እግሬ ላይ ክሎት አለ ያለ ታካሚ የሚያወራው ደም ሥር ውስጥ ስለረጋ ደም ነው፤ ለምፕ ካለ ግን ስለ እብጠት ነው። ምርመራውም ሕክምናውም ስለሚለያይ፣ ሐኪም ቤት የምታስተረጉሙ እዚህ ላይ አደራ!

ጎብ በብሪታንያ ምራቅን ያስታውሳል፣ በተራ አነጋገር አፍም ማለት ነው፤ ስለ ምግብ ስትጽፉ ተዉት። ዳብ በጣት ጫፍ ነካ የተደረገ ቅባት ነው።

ሁሉም የሚቆጠሩ ስሞች ናቸው፦ ኤ ዶሎፕ ኦፍ ክሬም፣ ቱ ዶሎፕስ ኦፍ ክሬም። "ኦፍ"ን መዝለል የተለመደ ስሕተት ነው።